ከሴራሚኩ ሥር ያለው ልክ

ምድጃው ቦታውን ይዞ መሥራት ከጀመረ ቆይቷል። እናቴም ለምዳዋለች። እኔ ግን ስለ አንዲት ሴንቲሜትር ማሰብ አልተውኩም። ለሰው ሲነገር «ይሄ ምኑ ያስጨንቃል?» የሚያሰኝ ነገር ነው። ቢሆንም ከልቤ ስላልወጣ ልጻፈው።

እናቴ የምትኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ የገባንበት ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ የሠራው ሰው የድሬን ሙቀት በደንብ የሚያውቅ መሆን አለበት። ኪችኑ ግን ጠባብ ነው። ድሮ ምግብ የሚበስለው ጓሮ ስለነበር ለኪችን ቦታ ያሰበለት የለም። ከጓሮ በኩል ያለችውን ትንሽ ክፍል ኪችን ያደረጋት አባቴ ነው። በስተግራ የዕቃ ማጠቢያው እምነበረድ አለ። በስተቀኝ ደግሞ አባቴ ራሱ ጣውላ አስሮ፣ ፌሮ ዘርግቶ የሞላው የኮንክሪት ጠረጴዛ አለ። በሁለቱ መካከል ለምድጃ የሚሆን ክፍተት ተትቷል።

በዚያ ክፍተት ውስጥ ለብዙ ዓመት 50 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ስቶቭ ተቀምጦ ኖረ። በጎኑ የምትተርፈው ቦታ የእናቴ መጋዘን ነበረች። መክተፊያው፣ ትሪው፣ የሰፌዱ ክዳን ሁሉ እዚያ ይሸጎጣል። ዘንድሮ ለፋሲካ ድፎ ልትጋግር ስትል ኦቭኑ አልሞቅ አለ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ጠበቀ፣ ጠበቀ። በመጨረሻ ዕቃውን አቅፋ ጎረቤት ሄዳ ጋገረች። እናቴ ከሰው ቤት ስትጋግር ማየት ለእኔም ለእህቴም ከብዶን ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በዚያው ሰሞን ምድጃ ገዝታ በአይሱዙ ጫነችላት። ከታች የኤሌክትሪክ ኦቭን፣ ከላይ ሦስት የጋዝና አንድ የኤሌክትሪክ ማንደጃ ያለው ነው። ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር ነው። ምክንያቷ ትክክል ነበር፤ የ50ው ኦቭን የእናቴን የድፎ ትሪ አያስገባም። እናቴም በስልክ «ክፍተቱ ስድሳ ነው» ብላታለች። ሜትሩን ከፊት በኩል ዘርግታ ያየችውን ነው የነገረቻት።

ስድሳ በየት በኩል?

ካርቶኑ ተቀዶ ምድጃው በረንዳ ላይ ሲቆም እኔ ሜትር ይዤ ኪችን ገባሁ። ከፊት 60.2 ሴንቲሜትር አገኘሁ። ከመሃል 59.6። ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ 59.1። ክፍተቱ ወደ ውስጥ እየጠበበ ነው የሚሄደው። ከፊት ሲያዩት ይገባል፤ ከግማሽ በኋላ ግን ይቆማል።

ይህ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ግድግዳ ልስን አለው። ልስን ደግሞ የትም ቦታ እኩል አይወፍርም። ማዕዘን የሚመስለው ሁሉ በስኳድራ ሲታይ ማዕዘን አይደለም። ፋብሪካ የሚሠራው ምድጃ ግን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ሣጥን ነው። ቀጥ ያለ ነገር ወደ ጠማማ ቦታ ሲገባ የሚያስገባው ሰፊው በኩል ሳይሆን ጠባቡ ነው። ስለዚህ ልክ ከሦስት ቦታ ይወሰዳል። በከፍታውም እንዲሁ፤ ስፋቱ ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከወለሉ አጠገብም ይለካል። ከዚያ ትንሹ ቁጥር ይያዛል።

ጥልቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። ወረቀቱ ላይ 60 ተብሎ የተጻፈው የሣጥኑ ነው። ከኋላ ሶኬት፣ የጋዝ ጎማና የጎማው መታጠፊያ አለ። ከፊት ደግሞ የኦቭኑ በር መያዣና ቁልፎቹ ወጣ ይላሉ። በጠባብ ኪችን ውስጥ ይሄ ተደምሮ የበሩን መንገድ ይዘጋል። የእኛ ሶኬት በደህና ጊዜ ከጎን ስለተተከለ ከዚህኛው ተርፈናል።

ምድጃውን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መልሶ መጫን የሚታሰብ አልነበረም። እናቴ «ይቅር፣ በረንዳ ላይ ይሁንልኝ» አለች። እኔ አልተዋጠልኝም። ግንቦት ነው፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይገባል፤ በረንዳው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። ሰፈራችን ሴራሚክ የሚያነጥፍ ጎበዝ ልጅ አለ። ጠራሁት። አየት አድርጎ «አቦ፣ ቀላል ነው! ከኮንክሪቱ ጫፍ ላይ ትንሽ በግራይንደር እንቆርጣለን» አለ። ከፊት በኩል ግማሽ ሴንቲሜትር፣ ከኋላ ወደ ሁለት ሴንቲሜትር እየሰፋ የሚሄድ መስመር በእርሳስ አሰመረ። ድስቶቹን ወደ ሳሎን አወጣን። ፍሪጁን በአንሶላ ሸፈንን። ግራይንደሩ ተሰካ።

የፒንሳው እጀታ

ጋሼ የገቡት በዚህ መሃል ነው። ጋሼ ከአባቴ ጋር ምድር ባቡር ወርክሾፕ የሠሩ ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመታቸው ነው። ድምፅ ሰምተው ነው የመጡት ወይስ እናቴ ጠርታቸው፣ አሁንም አላወቅኩም። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ የእርሳሱን መስመር አዩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በጠረጴዛው ጫፍ ላይ እንደ ጠመንጃ አነጣጠሩ።

«ይሄ የአባትሽ ሥራ አይደለም» አሉኝ።

«የሱ ነው እንጂ ጋሼ። ራሱ ነው የሞላው።»

«አንቺ ልጅ፣ እሱ እንዲህ አድርጎ አያጣምም።»

የልጁን ፒንሳ ከመሣሪያው መሃል አነሱ። በእጀታው ከጠረጴዛው ሆድ በታች፣ ሴራሚክ ያልነካውን ኮንክሪት አንኳኩ። ድምፁ ድፍን ነበር። ከዚያ ጫፉን አንኳኩ። ከፊት በኩል ደህና ነው። ወደ ኋላ እየሄዱ ሲያንኳኩ ግን ድምፁ ተለወጠ። ቋ፣ ቋ አለ። ውስጡ ክፍት የሆነ ድምፅ። እንደገና ከፊት ጀምረው ወደ ኋላ ሄዱ። ልጁ ግራይንደሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጆሮውን አስጠግቶ እሱም አዳመጠ።

«ልባስ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

እናቴ ያን ጊዜ ነው ያስታወሰችው። አባቴ ካረፈ በኋላ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሴራሚክ በሚያለብስበት ሰሞን፣ እኛም አልብሰናል። የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ ከጠረጴዛው በላይ፣ በፊት ለፊቱና በምድጃው በኩል ባለው ጫፍ ላይ ተለጠፈ። ያኔ ስቶቩ 50 ስለነበረ ክፍተቱ ጠበበ አልጠበበ ያስተዋለ የለም።

ልጁ መሮና መዶሻ አነሳ። ከኋላ ጀመረ። የመጀመሪያው ሴራሚክ ሳይሰበር ሙሉውን ተነሳ። ያልያዘው ሲሚንቶ ከጀርባው ተፈርፍሮ ወረደ። በፍርፋሪው ውስጥ አንዲት የደረቀች የምስር ክክ ነበረች። ሴራሚኩ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ከሥሩ የነበረው ሲሚንቶ ከኋላ 14 ሚሊ ሜትር ወፍሯል፤ ከፊት 4 ብቻ። መጠበቡም መጥመሙም ከዚያ ነው የመጣው።

ጫፉ ሙሉ በሙሉ ሲገለጥ ቀይ ሊሾ ወጣ። ከሥር ለስላሳ፣ ከላይ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በትንሹ የተድበለበለ። ያን ጠርዝ ረስቼው ነበር። ልጅ ሆኜ ቁመቴ የሚደርሰው እዚያ ነበር፤ አገጬን የማስደግፍበት ቦታ ነው። ጋሼ ስኳድራ አምጡ አሉ። ከግድግዳው ጋር ገጠሙት። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልነበረም። እኔ ሜትሩን ዘረጋሁ። ከፊት 61.4፣ ከኋላ 61.3።

ልጁ ሜትሩን ከእጄ ወስዶ ራሱ ለካ። ከዚያ የግራይንደሩን ገመድ ነቅሎ ጠቀለለ። እሱን የማደንቀው ለዚህ ነው። ሥራው የሚከፈለው በመቁረጥ ነበር፤ ሳይቆርጥ መጨረሱ ግን ከሁላችንም በላይ ያስደሰተው እሱን ነው።

በኋላ ሲያስረዳኝ ደነገጥኩ። የእርሳሱ መስመር ከኋላ በኩል ቢቆረጥ ግራይንደሩ ልባሱን አልፎ ኮንክሪቱ ድረስ ሊገባ ይችል ነበር። ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ደግሞ ፌሮ አለ። ፌሮ ከኮንክሪቱ ሲገለጥ እርጥበት ያገኘዋል። ኪችን ውስጥ ደግሞ የገነፈለ የሹርባ ውሃ ከነጨዉ ይደርሰዋል። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል። ሲያብጥ ከላዩ ያለውን ኮንክሪት ይሰነጥቀዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ባለው ቀን ነው፤ ምድጃ እናስገባለን ብለን ጠረጴዛውን ልናጣ ነበር።

ሐዲድ የሚለካ ሰው

ቡናው ሲፈላ ጋሼን ጠየቅኳቸው። እንዴት አወቁ? መልሳቸው አጭር ነበር። «እኛ ልክ ነው ያሳደገን።» ከዚያ ግን ጨዋታው ረዘመ።

የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ድፍን። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ያ ልክ ተጠብቆ ነው ባቡሩ የሄደው። ስፋቱ አንድ ቦታ ተለክቶ አይተውም፤ የመለኪያ ዘንጉ እየተያዘ መንገዱ በሙሉ ይታያል። ሌላም ነገር ነገሩኝ። ጠባብ መታጠፊያ ላይ ሐዲዱ ትንሽ ሰፋ ይደረጋል። የባቡሩ እግር ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እንደሚሄደው ሆኖ መታጠፊያ ላይ ከገባ ይጣበቃል፣ ብረቱን ይበላዋል። «ልክ ማለት ጭንቅ ማለት አይደለም» አሉኝ። «ልክ ውስጥ መተንፈሻም አለ።»

አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ሆኖ መጣ። በድሮው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ የራሱ መንገድ ተሠራለት፣ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ አለ። በዚህ የተቆጨ ብዙ የድሬ ሰው አለ፤ እኔም አንዷ ነኝ። ከዚራ የቆመው በ1895 ዓ.ም. በመጣው ባቡር ዙሪያ ነው፤ የዛፉ ጥላም፣ ቀጥ ያለው መንገድም ከእሱ ጋር የመጣ ነው። ያም ሆኖ የድሮው ሐዲድ ተነቅሎ አዲሱ በላዩ አለመነጠፉ አሁን አሁን ደግ ነገር መስሎ ይታየኛል። ወርክሾፑ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች አሁንም የድሮውን ልክ ያውቃሉ። ጠይቆ የሚያውቅባቸው ሰው እስካለ ድረስ።

ኪችናችን ውስጥ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እኔን የሚያብሰለስለኝም እሱ ነው። አባቴ ለምድጃ 61 ከግማሽ ሊሆን ትንሽ የጎደለው ቦታ ነበር የተወው። ያኔ ቤታችን 60 የሚሆን ምድጃ አልነበረም። ማን ይግዛው? በየትኛው ደመወዝ? ቢሆንም ቦታውን ትቶ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን ይመጣል ብሎ ይሁን ወይ ከወርክሾፕ በለመደው ልክ፣ መቼም አላውቅም። እሱ የለም፣ አይጠየቅም። ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው ይባላል፤ የእሱን ሥራ ለማንበብ አብሮት የሠራ ሰው አስፈለገ።

እኛ ደግሞ ወደን፣ ቤቱን ለማሳመር ብለን፣ ያን ቦታ ሸፈንነው። ነጭ ሴራሚክ ያለበሰችው እናቴ ናት፤ ሐዘን ላይ ነበረች፣ ኪችኑ ብርሃን እንዲኖረው ፈልጋ ነው። ማንም አይወቅሳትም። ሲጠበን ግን ወዲያው የታየን መጀመሪያ የነበረውን መቁረጥ ነው። የቅርቡ፣ የሚያብረቀርቀው፣ ከላይ የተለጠፈው ነገር ግድግዳው ራሱ መስሎ ታየን። ከሥሩ ያለው ደግሞ አሮጌ ስለሆነ የሚቆረጠው እሱ ሆነ። ይህን ያደረግነው በኪችን ጠረጴዛ ብቻ ነው ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። በበዓል አከባበራችን፣ በሠርጋችን፣ በልጆች አስተዳደጋችን ላይ «ድሮ የነበረው ነው የሚያጣብበን» ስንል፣ የሚያጣብበን በኋላ የለጠፍነው የሆነበት ጊዜ የለም? መልሱን እስከ ዳር አላውቀውም። ማንኳኳቱ ግን ምንም አያስከፍልም።

እሳት የሚፈልገው ቦታ

ወደ ምድጃው ልመለስ። ከጎኑ ሴራሚኩ ከተነሳ በኋላ ግራና ቀኝ ከግማሽ ሴንቲሜትር ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ተረፈው። ይህ ለዓይን ትንሽ ነው። ለኦቭን ግን ብዙ ነው። ኦቭን አንድ ሰዓት ሲሠራ ጎኑ ይሞቃል፣ ሙቀቱም መውጫ ይፈልጋል። በእንጨት ካቢኔት መሃል ተጣብቆ ከገባ የካቢኔቱ ልጣጭ ይላቀቃል፣ ጠርዙ ያብጣል። የእኛ ኮንክሪትና እምነበረድ ስለሆነ ከዚህ ተርፈናል። ያም ሆኖ ከምድጃው ጋር የመጣው መመሪያ በጎንና በላይ መተው ያለበትን ቦታ ይነግራል፤ ካርቶኑ ሲጣል እሱም አብሮ እንዳይጣል አደራ። የእኛ ሰው መመሪያ አያነብም የሚባለውን አልወድም። በእጁ ከገባ ያነባል። ችግሩ ብዙ ጊዜ በእጁ አይገባም።

ከፍታው 85 ሴንቲሜትር ነው። ጠረጴዛው 86። የምድጃው እግሮች ተጠምዝዘው ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ከጠረጴዛው ጋር እኩል አደረግነው። ዝቅ ካለ የጋዙ ነበልባል በድስቱ ሥር አልፎ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይልሳል። ውሃ ልክ ከላዩ አስቀምጠን አራቱንም እግር አስተካከልን። ይሄ ለውበት አይደለም። ምድጃው ካዘመመ ዘይቱ በመጥበሻው አንድ ጎን ይጠራቀማል፣ ድፎውም በአንድ በኩል ይወፍራል።

መብራቱን ቸል ማለት አይቻልም። ኦቭኑና የኤሌክትሪክ ማንደጃው አንድ ላይ 3,800 ዋት ይፈልጋሉ። በ220 ቮልት ሲካፈል ከ17 አምፔር በላይ ነው። የድሮው ሶኬት 16 አምፔር ነበር፣ ከፍሪጁ ጋር በአንድ መስመር። ኤሌክትሪሺያኑ ከቆጣሪው በኩል 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ለብቻው ሳበ፣ የራሱን ብሬከር አደረገለት፣ ኧርዙንም አገናኘ። ወጪው አስነጠሰን። ግን የሚግል ሶኬት ያለበት ቤት ውስጥ እናቴን ለብቻዋ ትቶ ማደር አይሆንልኝም።

ሲሊንደሩ ጓሮ፣ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ጎማው በግድግዳው ውስጥ በቱቦ አልፎ ነው የሚገባው፤ ከኦቭኑ ጀርባ እንዳይሄድ በጎን አዞርነው። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። በጠባብ የተዘጋ ኪችን፣ ከጠረጴዛ ሥር ማስቀመጥ ለዚህ ነው የሚያስፈራው። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀባን። አረፋው አልተንፈቀፈቀም። እናቴ ይህን አሁን ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ራሷ ታደርገዋለች፤ እኔን አትጠብቅም።

አሁን ክርክሩ ከእህቴ ጋር ነው። ፎቶ ልኬላት ነበር። «ምድጃው ቆንጆ ነው፣ ያ የተገለጠው ጫፍ ግን ያልተጨረሰ ቤት ያስመስለዋል» አለች። እውነቷን ነው፤ ቀዩ ሊሾ ከነጩ ሴራሚክ አጠገብ ያልተመጣጠነ ይመስላል። እናቴም የሽንኩርት ልጣጭ በክፍተቱ እየገባ አስቸገረኝ ትላለች። እህቴ ቀጭን ሴራሚክ መርጣ ልካለች፤ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ «ይገባል፣ ለክቼዋለሁ» ትላለች። ካልሆነ ደግሞ ክፍተቱ በሲሊከን ይደፈን አለች። ሲሊከኑን ወዲያው ነው እምቢ ያልኩት። ምድጃው ጎማውን ለማየት ወደፊት መሳብ መቻል አለበት። ስለ ሴራሚኩ ግን ገና አልተስማማንም። እኔ ከጠረጴዛው ፊትና ከላይ የፈለገችውን ታልብስ፣ በዚያ ጫፍ በኩል ግን ምንም አይለጠፍ ባይ ነኝ። እሷ ደግሞ አባቴም ቢኖር ያለብሰው ነበር ትለኛለች። ለዓመት በዓሉ ስትመጣ ጋሼንም ጠርተን፣ ሜትሩን ዘርግተን ልንነጋገርበት ተቀጣጥረናል።